የእንግዴ ልጅ ጤና በአልትራሳውንድና በኤምአርአይ፦ ነፍሰ ጡሮች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

አልትራሳውንድ ክፍል ሲገባ ሁለት ጥያቄ አይቀርም። «ልቡ ይመታል?» እና «ወንድ ነው ሴት?» ሁለቱም የእናት ጥያቄ ነው። እዚያው ስክሪን ላይ ግን ከልጁ ጎን፣ ልጁን ወራት ሙሉ የሚያኖረው አካል ይታያል። ስለ እንግዴ ልጁ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ጥያቄው የሚመጣው ሪፖርቱ ቤት ከገባ በኋላ፣ አንድ የማይገባ ቃል ዓይን ውስጥ ሲገባ ነው። እነዚህ መልሶች ለዚያን ጊዜ የተጻፉ ናቸው። ሐኪምዎን ምን እንደሚጠይቁ ለማወቅ ይረዱዎታል እንጂ ሐኪሙን አይተኩም።

የእንግዴ ልጅ ሥራው ምንድን ነው? ለምንስ ይታያል?

ልጁ ማህፀን ውስጥ እያለ በራሱ አይተነፍስም፣ አይበላም። ኦክስጅኑም ምግቡም ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፍለታል። ቆሻሻውም በዚያው ይመለሳል። የእናትና የልጅ ደም ግን አይደባለቅም፤ በስስ ሽፋን ተለያይቶ ጎን ለጎን ያልፋል። እርግዝናው እንዲጸና የሚያደርጉ ሆርሞኖችንም የሚያመርተው ይኸው አካል ነው። በመውለጃ ጊዜ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር።

ሲደክም ጉዳቱ በሁለቱም ላይ ይወጣል። የልጁ እድገት ይዘገያል። የእናት የደም ግፊት ሊጨምር ይችላል። ቦታውን ስቶ ከተቀመጠ ወይም ከልክ በላይ ሥር ከሰደደ ደግሞ የሚያሰጋው የደም መፍሰስ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ አስቀድሞ ከታወቁ መላ አላቸው።

በተራው አልትራሳውንድ ምኑ ይታያል?

የት እንደተቀመጠ ይታያል። ከማህፀን በር ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ውፍረቱ፣ እትብቱ መሃሉ ላይ ይግባ ጠርዙ ላይ፣ ይህም ይታያል።

«በደንብ እየሠራ ነው ወይ?» ለሚለው ግን ጥቁርና ነጩ ምስል በቀጥታ አይመልስም። ሐኪሙ መልሱን ከልጁ እድገትና ከሽርት ውሃው መጠን ይፈልገዋል። የጭንቅላት ዙሪያ፣ የሆድ ዙሪያ፣ የጭን አጥንት ርዝመት ይለካል። ልኬቱ ትርጉም የሚኖረው ካለፈው ጋር ሲነጻጸር ነው። ስለዚህ የድሮ ሪፖርቶችዎን አይጣሉ። ሐኪም ወይም ከተማ ቢቀይሩም ይዘዋቸው ይሂዱ።

ሪፖርቱ ላይ «አንቴሪየር» ይላል። ችግር ነው?

አይደለም። የእንግዴ ልጁ በማህፀኑ የፊት ግድግዳ ላይ፣ በሆድዎ በኩል ተቀምጧል ማለት ነው። «ፖስቴሪየር» ከሆነ በጀርባ በኩል ነው። «ፈንዳል» ከሆነ ላይ፣ ከማህፀኑ አናት። ሦስቱም ጤነኛ ቦታዎች ናቸው። የፊት ከሆነ የልጁ እርግጫ ትንሽ ዘግይቶና ለስለስ ብሎ ሊሰማዎት ይችላል፤ በመሃል ትራስ ሆኖ ይጋርዳልና። ቦታው የጽንሱን ጾታ አይናገርም፤ ኢንተርኔት ላይ የሚባለውን አይመኑ።

አንቴሪየር የሚለው ቃል ክብደት የሚያገኘው ቀድሞ በኦፕራሲዮን ለወለደች እናት ነው። ወደ እሱ እንመጣለን።

«ግሬድ ሦስት ነው፣ አርጅቷል» ተባልኩ። ልጄ አደጋ ላይ ነው?

ይህ ቃል ብዙ እናት አስለቅሷል። ብዙውን ጊዜ ያለ ምክንያት። ከዜሮ እስከ ሦስት ያለው ደረጃ አሰጣጥ በ1979 የወጣ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በእንግዴ ልጁ ላይ የሚታዩትን ነጫጭ የካልሲየም ነጠብጣቦች ተከትሎ ይመድባል። እርግዝናው ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ነጠብጣቦቹ መብዛታቸው የተለመደ ነው። በ38ኛ ሳምንት ግሬድ ሦስት መባል እንደ በሽታ አይቆጠርም፤ ለብቻውም ቶሎ ለማዋለድ ምክንያት አይሆንም።

ጉዳዩ የሚለወጠው በጣም ቀድሞ፣ ለምሳሌ ከ32ኛው ሳምንት በፊት ከታየ ነው። ያኔ ሐኪሙ የእናትን የደም ግፊትና የልጁን እድገት ጠበቅ አድርጎ ይከታተላል።

በ20ኛው ሳምንት «እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሏል» አሉኝ። በምጥ መውለድ አልችልም ማለት ነው?

ገና ነው። ጠርዙ ከማህፀኑ የውስጠኛ በር በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከሆነ ዝቅ ብሏል ይባላል። በሩን ከሸፈነው ደግሞ ፕላሴንታ ፕሪቪያ ነው። በአምስተኛው ወር ዝቅ ብለው ከታዩት ከአሥር ዘጠኙ ገደማ እስከ መውለጃ ድረስ ከበሩ ይርቃሉ። የማህፀኑ የታችኛው ክፍል እየተለጠጠ ሲያድግ በበሩና በእንግዴ ልጁ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል።

ስለዚህ በ32ኛው ሳምንት አካባቢ ድጋሚ ይታያል። ያኔም ካልራቀ በ36ኛው አንድ ጊዜ። በሩን እንደሸፈነ ከቀረ ወሊዱ በኦፕራሲዮን ነው፤ በዚህ ላይ ምርጫ የለም። የማህፀን በር ሲከፈት የሚደማው ራሱ የእንግዴ ልጁ ነውና።

እስከዚያው ሁለት ነገር ይያዙ። ደም ካዩ፣ ባያምም እንኳ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ። እንደደረሱም «እንግዴ ልጅሽ ዝቅ ብሏል ተብያለሁ» ብለው ቀድመው ይናገሩ፤ ቦታው ሳይረጋገጥ በጣት የውስጥ ምርመራ ማድረግ ከባድ ደም ሊያስነሳ ይችላል። ቤትዎ ከሆስፒታል ሩቅ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ቅርብ ቦታ ማሳለፉ ይሻላል። ዘመድ ቤትም ይሁን፣ በብዙ የአገራችን ጤና ተቋማት ያለው የእናቶች ማቆያም ይሁን። ክረምት ላይ መንገድ የሚቆረጥበት አካባቢ የምትኖር እናት ይህን ከአሁኑ ከቤተሰቧ ጋር ብትነጋገርበት ደስ ይለኛል።

በብልት በኩል የሚደረገው አልትራሳውንድ ደም አያስነሳም?

አያስነሳም። መሣሪያው የማህፀን በር ውስጥ አይገባም፤ ከበሩ ወደኋላ ቀርቶ ያያል። ርቀቱን ለመለካት በሆድ ላይ ከሚደረገው የበለጠ ትክክለኛ ነው፤ ፕሪቪያ በተጠረጠረ ጊዜም የሚመረጠው እሱ ነው። ካፈሩ ሴት ባለሙያ እንድትሠራልዎ መጠየቅ ይችላሉ።

በዚሁ ምርመራ ሌላ ስውር ነገር ሊገኝ ይችላል። አንዳንዴ የልጁ የደም ሥሮች በእትብቱ ሳይሸፈኑ ባዷቸውን በማህፀን በሩ ላይ ያልፋሉ። ቫሳ ፕሪቪያ ይባላል። እምብዛም አያጋጥምም። የሽርት ውሃው ሲፈስ ሥሮቹ ከተቀደዱ ግን የሚፈሰው የልጁ የራሱ ደም ነው። በ2004 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀድሞ ከታወቀላቸው ልጆች 97 በመቶው ተርፈዋል፤ ሳይታወቅ ከቀረባቸው 44 በመቶው ብቻ። ባለቀለም ዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን የሚያሳየውን አልትራሳውንድ፣ በሩ ላይ ለጥቂት ጊዜ ማሳረፍ ይህን ያህል ልዩነት ያመጣል።

ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን ወልጃለሁ። ለየት አድርጌ የምጠይቀው ነገር አለ?

አለ። ይህን ሰፋ አድርጌ የምመልሰው የእናት ሕይወት የሚያጠፋ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ኦፕራሲዮን ማህፀን ላይ ጠባሳ ይተዋል። የሚቀጥለው የእንግዴ ልጅ ዝቅ ብሎ ጠባሳው ላይ ካረፈ፣ ሥሩን ወደ ማህፀኑ ጡንቻ፣ አልፎ አልፎም እስከ ሽንት ፊኛ ሊሰድ ይችላል። ፕላሴንታ አክሬታ ይባላል። ልጁ ከወጣ በኋላ የእንግዴ ልጁ አልላቀቅ ይላል። በግድ ሲጎተት ደሙ አይቆምም። ብዙ ጊዜ እናቲቱን ለማዳን ማህፀኑን ማውጣት ግድ ይሆናል።

አሜሪካ ውስጥ በኦፕራሲዮን የወለዱ ከ30,000 በላይ ሴቶች የተጠኑበት፣ በ2006 የታተመ ሥራ አለ። ፕሪቪያ ካላቸው መካከል አክሬታ የተገኘው፣ የመጀመሪያ ኦፕራሲዮናቸው ከሆኑት 3 በመቶው ላይ ነበር። ሁለተኛቸው ከሆነ 11 በመቶ። ሦስተኛ ከሆነ 40፤ አራተኛ ከሆነ 61። ቁጥሩ እንዴት እንደሚዘል ልብ ይበሉ።

ባለሙያው ሲያይ ምን ይፈልጋል? ፊኛዎ በመጠኑ እንዲሞላ ያደርጋል፤ ምስሉ እንዲጠራ ነው። በጤናው ጊዜ በእንግዴ ልጁና በጡንቻው መካከል ቀጭን ጥቁር መስመር አለች። እሷ ከጠፋች ያጠራጥራል። በእንግዴ ልጁ ውስጥ መጠናቸውም ቅርጻቸውም የተዘበራረቀ ጥቋቁር የደም ኩሬዎች ከታዩ፣ ጡንቻው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሳሳ፣ የፊኛው ነጭ ጠርዝ ከተቆራረጠ፣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ባለቀለም ዶፕለር ሲበራ ደግሞ በፊኛና በማህፀን መካከል የደም ሥር ተጨናንቆ ይታያል።

ቀድሞ ሲታወቅ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ወሊዱ በቀጠሮ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ከ34 እስከ 36 ሳምንት ባለው ውስጥ። ደም ይዘጋጃል፣ ልምድ ያለው ቀዶ ሐኪም ይጠራል፣ ለሕፃኑ ሙቀት ክፍል ይያዛል። ቤተሰብም ደም ለመስጠት አስቀድሞ ይነጋገራል። አደጋው የሚብሰው ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ፣ በሌሊት፣ ሆድ ከተከፈተ በኋላ ሲታወቅ ነው።

አንድ ነገር አይረሳ። አልትራሳውንድ አክሬታን የሚስትበት ጊዜ አለ። ሁለት ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደችና አሁን ፕሪቪያ ያለባት እናት፣ ምስሉ ምንም ባያሳይ እንኳ፣ ደምና ሙሉ ቡድን ያለበት ሆስፒታል ነው መውለድ ያለባት።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ «የእንግዴ ልጁ ጠባሳዬ ላይ ነው ወይ?» ቃሉን እንዳለ ይጠይቁ። መልሱም በሪፖርቱ ላይ ይጻፍ።

ዶፕለር ከተራው አልትራሳውንድ በምን ይለያል? እኔስ ያስፈልገኛል?

ዶፕለር የደሙን ፍሰት ያሳያል፤ ወዴት፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ። ብዙ ጊዜ የሚታየው የእትብቱ ደም ቅዳ ቧንቧ ነው። የልጁ ልብ ደም ሲገፋ ስክሪኑ ላይ ጫፍ ይወጣል። ልቡ ሲያርፍ መስመሩ ዝቅ ይላል እንጂ ዜሮ አይነካም፤ በጤነኛ የእንግዴ ልጅ ውስጥ ደሙ በእረፍቱም ጊዜ ወደፊት ይፈስሳል። የእንግዴ ልጁ ሥሮች ሲጠቡና ሲደፈኑ ግን የእረፍቱ ፍሰት ይቀንሳል። ሲብስ ይቆማል። ከዚያም ሲብስ ወደኋላ ይመለሳል። ወደኋላ የተመለሰ ፍሰት አጣዳፊ ነው፤ ልጁን መቼ ማዋለድ እንደሚገባ በዚያው ቀን የሚወሰንበት ነገር ነው።

ለሁሉም ነፍሰ ጡር ግን አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 መመሪያው ጤነኛ እርግዝና ላላት ሁሉ በየጊዜው እንዲሠራ አይመክርም። የሚጠቅመው ስጋት ላለባቸው ነው፦ የደም ግፊት ላለባት፣ ልጇ ላነሰባት፣ ስኳር ላለባት፣ ቀድሞ ጽንስ ለሞተባት። የተለያዩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ በእነዚህ እርግዝናዎች ላይ የእትብት ዶፕለር መጠቀም በወሊድ ዙሪያ የሚደርሰውን የልጆች ሞት በ29 በመቶ ገደማ ቀንሷል። እዚህ ውስጥ ካሉ «ዶፕለር ይሠራልኝ ወይ?» ማለት መብትዎ ነው።

የእርግዝና ደም ግፊት ከመነሣቱ በፊት በምስል ሊታወቅ ይችላል?

በከፊል። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና ደም ግፊት ሕመም ብዙ ጊዜ ሥሩ የእንግዴ ልጁ መጀመሪያ ሲተከል ነው። ወደ ማህፀን የሚገቡት የእናት ደም ቧንቧዎች እንደሚገባው ካልሰፉ ዶፕለር ላይ ከ11 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ ምልክት ይሰጣሉ። ይህ ከደም ግፊት ልኬት፣ ከደም ምርመራና ከእናቲቱ ታሪክ ጋር ተደምሮ ይሰላል። በ2017 የታተመ ትልቅ ሙከራ በዚህ መንገድ ለተለዩ እናቶች በየማታው 150 ሚሊ ግራም አስፕሪን ሰጥቶ ነበር። ከ37 ሳምንት በፊት የሚመጣው ፕሪኤክላምፕሲያ ከ4.3 ወደ 1.6 በመቶ ወረደ።

አስፕሪኑን ግን ከፋርማሲ ገዝተው በራስዎ አይጀምሩ። ምርመራው የሌለበት ቦታ የሚኖሩም ተስፋ አይቁረጡ፤ ሐኪም በታሪክዎ ብቻ ተነሥቶ ሊያዝልዎ ይችላል። ቀድሞ ፕሪኤክላምፕሲያ ነበረብዎት? መንታ ነው ያረገዙት? የኩላሊት ሕመም ወይም የቆየ ደም ግፊት አለብዎት? በመጀመሪያው ክትትል ይናገሩ።

ደም ፈሰሰኝ። አልትራሳውንዱ ግን «ኖርማል» አለ። ቤቴ ልመለስ?

ሐኪም አይቶ እስኪያሰናብትዎ ድረስ አይመለሱ።

የእንግዴ ልጅ ከጊዜው በፊት ከማህፀኑ ግድግዳ ሊላቀቅ ይችላል። አልትራሳውንድ ከእነዚህ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይስታል። ትኩስ ደም ስክሪኑ ላይ ከእንግዴ ልጁ ጋር ተመሳስሎ ግራጫ ሆኖ ይታያልና። ደሙም ከጀርባው ተጠራቅሞ ውጭ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው በዋናነት በምልክት ነው። ሆድ ጠንክሮ አልላላ ካለ፣ ሕመሙ ካላቋረጠ፣ ደም ካለ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ «ምስሉ ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት ዋስትና አይሆንም። ሆድ ላይ መውደቅ፣ የመኪና አደጋ ወይም ድብደባ ከደረሰም፣ ደም ባይታይ እንኳ መታየት ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ አምቡላንስ ለመጥራት የቀይ መስቀል 907 አለ። የደም ዓይነትዎ ኔጋቲቭ ከሆነ ደግሞ ለባለሙያው ያስታውሱ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ።

ኤምአርአይ መቼ ይታዘዛል? ለጽንሱስ አይጎዳም?

ኤምአርአይ በማግኔት ኃይል ምስል የሚያነሳ መሣሪያ ነው፤ አክሬታ ተጠርጥሮ አልትራሳውንዱ ሳይለይ ሲቀር ይታዘዛል። በተለይ የእንግዴ ልጁ በጀርባ በኩል ከሆነ፣ ወይም ሥሩ ምን ያህል እንደጠለቀ ቀዶ ሐኪሙ ማወቅ ከፈለገ። ጨረር የለውም። በእርግዝና ጊዜ ጉዳት እንዳለው አልታየም። ጋዶሊኒየም የሚባለው በመርፌ የሚሰጥ ማቅለሚያ ግን የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ ስለሚደርስ፣ በጣም ካላስፈለገ አይሰጥም። «ያለ ማቅለሚያ ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ውድ ነው፤ በየቦታውም የለም። ደግነቱ፣ በሠለጠነ እጅ የተሠራ አልትራሳውንድ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። የማሽኑ ዓይነት ከሚወስነው በላይ የባለሙያው ዓይን ይወስናል ብዬ አምናለሁ።

ደጋግሞ አልትራሳውንድ መታየት ልጁን ይጎዳዋል?

አልትራሳውንድ ድምፅ ነው፤ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ። እንደ ራጅ ጨረር የለውም። ግላስጎው ውስጥ ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን ሥራቸውን በ1958 ካሳተሙ ወዲህ በሐኪም ትእዛዝ በተሠራ ምርመራ ጽንስ ላይ የተረጋገጠ ጉዳት አልታየም። ዶፕለር ግን ኃይሉ ጨመር ስለሚል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ምክንያት አይበራም። ለማስታወሻ ፎቶ ተብሎ ረጅም ሰዓት መቀመጡም አይመከርም።

ስንት ጊዜ ልታይ?

የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ከ24ኛው ሳምንት በፊት ይላል። ሌላው እንደ ሁኔታው ነው። የዘገየች እናት አታፍር፤ ዘግይቶም ቢሆን የእንግዴ ልጁ ቦታ ይታወቃል።

መንታ ነው ያረገዝኩት። የእንግዴ ልጁ አንድ ይሁን ሁለት ምን ለውጥ አለው?

ትልቅ ለውጥ አለው። አንድ የእንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንቶች ደማቸው በጋራ ሥሮች ሊገናኝ ይችላል። አንዱ ሲበዛለት ሌላው ይጎድልበታል። ስለዚህ ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይታያሉ። የየራሳቸው ካላቸው ክትትሉ ይቀልላል። ይህ በደንብ የሚለየው ከ14ኛው ሳምንት በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ በመካከላቸው ያለው ሽፋን እየሳሳ ስለሚሄድ ያስቸግራል። መንታ ከጠረጠሩ ቶሎ ይሂዱ።

ሳይንቲስቶች አሁን ምን እየሠሩ ነው?

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በ2014 የሰው የእንግዴ ልጅን የሚያጠና ሰፊ ፕሮጀክት ጀምረዋል። ዓላማው አካሉን እርግዝናው እየቀጠለ፣ ሳይነኩ ማጥናት ነው። ከመንገዶቹ አንዱ ኤምአርአይ ነው፤ ደም ኦክስጅን ሲይዝና ሲያጣ ለማግኔቱ የሚሰጠው ምላሽ ስለሚለያይ የእንግዴ ልጁን የኦክስጅን ሁኔታ ከምስሉ ለመገመት ይሞከራል። የደከመ የእንግዴ ልጅ ምስሉ ይጨልማል። ለጊዜው ይህ የምርምር ቤት ሥራ ነው፤ ክሊኒክ ሄደው የሚጠይቁት አይደለም።

ከወለድኩ በኋላስ ይታያል?

ይታያል፤ ያኔ በዓይን ነው። አዋላጇ የእንግዴ ልጁን ዘርግታ ሙሉ መሆኑን፣ ቁራጭ አለመጉደሉን፣ እትብቱ ውስጥ ሦስቱ የደም ሥሮች መኖራቸውን ታረጋግጣለች። ቁራጭ ከቀረ ደም ይቀጥላል ወይም ቆይቶ ኢንፌክሽን ይመጣል። ከወሊድ በኋላ ደሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው ከጨመረ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ካለ ተመልሰው ይሂዱ። ውስጥ የቀረ ነገር መኖር አለመኖሩ በአልትራሳውንድ ይታያል። አራስ ነኝ ብለው ቤት አይጠብቁ።